ደህና ነሽ የተባለችው መምህርት

ጌጤነሽ ጊንጪ ላይ ዐሥራ አራት ዓመት ሒሳብ ስታስተምር፣ በሕመም ከሥራ የቀረችባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በ2003 ዓ.ም. ክረምቱ ሊወጣ ሲል ተስቦ ያዛትና ሦስት ሳምንት ተኛች። መድኃኒቷን ጨረሰች፤ ትኩሳቱም ለቀቃት። ድካሙ ግን አልሄደም።

ጥቅምት ላይ ክፍል ስትገባ፣ የሰሌዳውን ግማሽ ሳትጨርስ ክንዷ ዝሎ ወረደ። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ዐሥር ሰዓት ሙሉ ተኝታም ዓይኑን ሳይከድን እንዳደረ ሰው ሆና ትነቃለች። ግራ የሚያጋባው ግን አንዳንድ ቀን ደህና መሆኗ ነው። እንዲህ ያለ ቀን ስታገኝ የተጠራቀመ ልብስ አጥባ፣ ገበያ ደርሳ ትመጣለች፤ በማግሥቱ ከአልጋ መነሣት ያቅታታል።

ባለቤቷ ለሜሳ እህል ነጋዴ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገሩ አልገባው አለ እንጂ።

«ትናንት እኮ ሩብ ኩንታል ጤፍ ተሸክመሽ ገባሽ» ይላታል። «ዛሬ ማንኪያ ከበደኝ ትያለሽ። የቱን ልመን?»

የቱን እንደሚያምን እሷም አታውቅም።

የወባ፣ የደም ማነስ፣ የስኳር፣ የእንቅርት ምርመራ አደረገች፤ ሁሉም ደህና ሆነ። አንድ ክሊኒክ ውስጥ የጤና መኮንኑ ወረቀቶቹን አገላብጦ፣ «ምንም የለብዎትም፤ ሐሳብ አያብዙ» አላት። ወጥታ አጥሩ ሥር ተቀመጠች። ምንም የሌለባት ሰው መንገድ መሻገር እንዴት ያቅታታል? የጸሎት ቤት እኅቶች ጸለዩላት፤ ሦስት ቀን በረታች። በአራተኛው ስትወድቅ እምነቷ የጎደለ መሰላት።

በ2005 አንዲት የጤና ጣቢያ ነርስ ስለ ቀንዓ ነገረቻት። ቀንዓ አምቦ የሚያስተምር ወጣት የፊዚዮሎጂ መምህር ነው፤ ከበሽታ ድነው ድካም ያልለቀቃቸውን ሰዎች ያጠና ነበር። ለሜሳ አብሯት ሄደ።

ቀንዓ ዐሥር ደቂቃ አስተኝቶ የልብ ምቷን ለካ፤ ከዚያ አስነሥቶ፣ እንደቆመች ደግሞ ለካ። በመዳፍ የሚጨበጥ፣ ጉልበት የሚለካ መሣሪያ ሰጥቶም ሠላሳ ጊዜ አስጨበጣት። ለማነጻጸሪያ ለሜሳንም አስጨበጠው። የጌጤነሽ ቁጥር እንደማንኛዋም ጤነኛ ሴት ሆነ።

«አየሽ!» አለ ለሜሳ ደስ ብሎት። «ጉልበትሽ አለ እኮ!»

እሷ አፈረች። ሳታውቀው ስትዋሽ የኖረች መሰላት።

«ነገ በዚሁ ሰዓት ተመለሱ» አለ ቀንዓ። «ዋናው የነገው ነው።»

እዚያው አምቦ ዘመድ ቤት አደሩ። በማግሥቱ ለሜሳ ደግፎ ከባጃጅ አወረዳት። መሣሪያውን ጨበጠች፤ ቁጥሩ ከትናንቱ ግማሽ አልደረሰም። ቀንዓ መሣሪያው ተበላሽቶ እንደሆን ብሎ ለለሜሳ ሰጠው። ለሜሳ የትናንቱኑ ያህል ጨበጠ። ለእሷ ሲመለስላት የባሰ አነሰ። ለሜሳ ቁጥሩን ደጋግሞ አየ።

«ታዲያ ምንድን ነው ያለብኝ?» አለች።

«አዴ ጌጤነሽ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ አላውቅም» አላት ቀንዓ። «ሲቆሙ የልብ ምትዎ ከልክ በላይ ይፈጥናል። ጉልበትዎ አንዴ ከወጣ ቶሎ አይመለስም። ሌላ አገር ሥር የሰደደ የድካም ሕመም የሚሉት አለ፤ ምክንያቱን እነሱም ገና እየፈለጉ ነው። የእርስዎ ያ ይሁን አይሁን ልወስን አልችልም። መድኃኒትም የለኝም። በደህናው ቀን አቅምዎን አሟጠው እንዳይጨርሱ ብቻ እመክርዎታለሁ።»

ይደሰቱ ይዘኑ ሳያውቁ ወጡ። ሚኒባስ ውስጥ ለሜሳ፣ «ይቅር በይኝ፤ ስንፍና መስሎኝ ነበር» አላት።

«እኔም እኮ መስሎኝ ነበር» አለችው።

ርእሰ መምህሩ ክፍለ ጊዜዋን ቀነሰላት። ተቀምጣ ማስተማር ጀመረች፤ ሰሌዳው ላይ ተማሪዎቿ ይጽፉላታል። ልብስ ማጠቡን ለሜሳ ተረከበ፤ ጎረቤት ሳቀበት፣ እሱ ግን አልተወም። መውደቋ ቀነሰ እንጂ አልቀረም።

በ2006 ቀንዓ ደውሎ ጥናቱ ማለቁን ነገራት። ካጠናቸው ሃያ ሦስት ሰዎች እሷን ጨምሮ የዘጠኙ ጉልበት በሁለተኛው ቀን ወርዷል፤ የሌሎቹ አልወረደም።

«ለምን?» አለችው።

«እሱን ነው ያላወቅነው» አላት።

ስልኩን ዘግታ፣ የማታውቃቸውን ስምንት ሰዎች እያሰበች ብዙ ቆየች።