የገለታ ምትክ

ኢታና ጊታር የለመደው ጉለሌ ውስጥ ወላጆቹ በሚያመልኩበት የጴንጤዎች ጸሎት ቤት ነበር። ደርግ ጸሎት ቤቱን ዘግቶ ጊታሩን ሲወርስ፣ ኢታናም ጊታሩን ተከትሎ የአካባቢው ከፍተኛ አስተዳደር ኪነት ቡድን ገባ። አባቱ ለአንድ ዓመት ያህል አላናገሩትም።

ቡድኑ ውስጥ አብሮ አደጉ ገለታ ቤዝ ጊታር ይመታ ነበር። በ1978 ገለታ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ማሠልጠኛ ገባ። ኢታናን ጨምሮ ቤዙን መጫወት የሚችል ሌላ ሰው ስላልነበረ፣ ኢታና በእግር የሚረገጥ፣ የጊታርን ድምፅ ወደ ቤዝ የሚያወርድ አሮጌ ፔዳል ከዕቃ ቤት አውጥቶ የጓደኛውን ቦታ ሸፈነ።

ክረምቱ ሲገባ ፔዳሉ ተበላሸ። ድምፁን አውርዶ መያዝ ተሳነው፤ ሲረግጡት ይንሸራተታል፣ እንደ እንቁራሪት ያንቋርራል። ራዲዮ ጠጋኙ ከፍቶ አየውና «የዚህ መለዋወጫ አገር ውስጥ የለም» ብሎ መለሰለት። ኢታና በልቡ ደስ አለው። በቀጥታ ወደ ቡድኑ ኃላፊ ወደ ግዛቸው ሄደ።

«ጓድ፣ ለአብዮቱ በዓል ያለ ቤዝ መድረክ መውጣት አንችልም። ገለታን ያስመልሱልን።»

ግዛቸው አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «ለፔዳሉ ምትክ ካልተገኘ እጠይቃለሁ። የኪነት ሰው ሲጠየቅ ይለቃሉ።»

ኢታና ወሬውን ቁስቋም ሥር ለሚኖሩት ለገለታ እናት፣ ለእማማ ደሳለች አደረሰ። እልል አሉ።

ነሐሴ ላይ ግዛቸው ካርቶን ይዞ መጣ። ለስብሰባ ውጭ አገር የሄደ አንድ ካድሬ አዲስ ፔዳል ገዝቶ ነበር።

«በል ሞክረው!»

ኢታና አበላሽቶ ሊጫወት ቆርጦ ገመዱን ሰካ። የመጀመሪያውን ክር ሲመታ ግን ወለሉን የሚያንቀጠቅጥ፣ ወፍራምና ንጹሕ ድምፅ ወጣ። ከተበላሸ ዕቃ ጋር ሲታገል የከረመ እጁ አበላሽቶ ለመምታት አልታዘዝ አለው። ደገመ፤ ሠለሰ። ቀና ሲል ግዛቸው ምቱን በጫማው እየተከተለ ይስቃል።

«በቃ፣ ገለታ ይኸውልህ!» አለ ፔዳሉን እየጠቆመ።

«ጓድ፣ ይኼ እኮ ዕቃ ነው።»

«ዕቃ አይታመም፣ ቀለብ አይሰፈርለት። ሰውየው ለእናት አገሩ ይዋጋ።»

መስከረም ሁለት፣ በበዓሉ ቀን፣ ቁስቋም ሥር ባለው ሜዳ ላይ ሲጫወቱ፣ እማማ ደሳለች ነጠላቸው መሬት እየጠረገ፣ ሰው እየገፉ መጡ። ኢታና ተስፋው መቅረቱን ስላልነገራቸው፣ የቤዙን ድምፅ ከቤታቸው ሰምተው ልጄ ተመለሰ ብለው ነው የሮጡት። መድረኩን ከዳር እስከ ዳር ቃኙ።

«ኢታና፣ ማነው እሱን የሚመታው?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ገለታስ?»

ግዛቸው ከኋላው «አታቋርጥ!» አለው። አላቋረጠም።

ገለታ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ተልኮ ደብዛው ጠፋ። መርዶ እንኳ የነገረ የለም። ደርግ ሲወድቅ ቡድኑ ተበተነ፤ ኢታናም እንጦጦ ሥር ባሕር ዛፍ የሚሰነጠቅበት ግቢ ተቀጠረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለእማማ ደሳለች እንጨት ይፈልጥላቸዋል። እሱ ፈልጦ እስኪጨርስ እሳቸው በራቸውን ከውስጥ ቀርቅረው ይቀመጣሉ። እሱም ፍልጡን ደጃፋቸው ላይ ከምሮ፣ ሳይጣራ ይሄዳል።