ሽማግሌ የመለሰው ደወል

ነገሩ የደረሰብኝ አምና ነው፤ ከፋሲካ በኋላ በነበረ አንድ እሁድ። ልርሳው ብዬ ያላደረግኩት ነገር የለም። ግን አልተቻለም፤ ያ የተረገመ ዕቃ ዛሬም በገዛ ድምፄ ይናገራል። እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

የምኖረው ካምፓላ፣ ሙቱንጎ ኮረብታ ላይ ነው። ባለቤቴ ዘነበች «በሽታህ» የምትለው አንድ ጠባይ አለኝ። ስልኬ ላይ አዲስ ዕቃ ካየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሰው ማታ ዳዊት ደግሞ ይተኛል፤ እኔ የዕቃ ማስታወቂያ ደግሜ እተኛለሁ።

በጭብጨባ የሚበራና የሚጠፋ መብራት አለን፤ ቢምቢ በገደልን ቁጥር ቤቱ ይጨልማል። እንቁላል ሲበስል የሚዘፍን ድስት አለን፤ ሰፈሩ በሙሉ ቁርሳችንን ያውቃል። እግር የሚያሽ ማሽንም ነበረን። እሱ አንድ ቀን ሁለት እግሬን ጥርቅም አድርጎ ይዞ አልለቅም አለኝ። ሰፈሩ ላይ መብራት ባይጠፋ ኖሮ ይህን የምጽፍላችሁ እዚያው ታስሬ ነበር። መብራት ሲጠፋ እግዚአብሔር ይመስገን ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ካሜራ ያለውን የበር ደወል ያየሁ ዕለትማ ልቤ ቆመ። በማግስቱ ኪኩቦ ገበያ ወርጄ፣ ያንን የሰውና የካርቶን ጎርፍ ተጋፍቼ ይዤው መጣሁ። አንድ ሰው በግቢው በር ላይ ሆኖ ሲጫነው ቤቱ ሳይሆን ስልኬ ይጮኻል፤ ማን እንደመጣ አያለሁ፤ የትም ሆኜ አነጋግራለሁ። እኔ ካላነሳሁ ደግሞ ቀድሜ የቀዳሁትን መልእክት በራሴ ድምፅ ያሰማል። የድሮውን ደወል ነቅዬ ጣልኩት። ዘበኛችንንም «ከእንግዲህ እሁድ እሁድ እረፍ፣ ሰው ተክቼብሃለሁ» አልኩት።

መልእክቱን የቀዳሁት ለደረጀ ነበር። ደረጀ የልብ ወዳጄ ነው፤ ችግሩ ቅዳሜ ብቻ ነው። ትልቁን ቴሌቪዥን ከገዛሁ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ለኳስ ይመጣል። መምጣቱስ ባልከፋ፤ አይሄድም። ሶፋዬ የእሱን ቅርፅ ይዞ ቀርቷል፤ ሪሞቱ እኔን ረስቶ እሱን ነው የሚያውቀው። ፊት ለፊት «አትምጣ» ማለት ስለማልችል ድምፄን አወፍሬ እንዲህ ብዬ ቀዳሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ አይመቸንም። ሌላ ቀን ሞክሩ። ደወሉን ደጋግማችሁ አትንኩ።»

ቅዳሜ ሲደርስ ስልኩን አላነሳም፤ ደወሉ ይመልስልኛል። ሰላም ወረደ። ዕቃ ማለት እንዲህ ነው አልኩ።

በዚህ መሃል ልጄ ቤዛ ዮናስ ከሚባል ልጅ ጋር ተዋደደች። ጨዋ ልጅ ነው። እሁድ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌ እንደሚልክ ተነገረን። አጎቱ ለዚሁ ጉዳይ ብሎ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጥቷል፤ ማክሰኞ ተመላሽ ነው። ዘነበች ከዓርብ ጀምሮ ከማጀት አልወጣችም። ቤዛ ደግሞ ከደስታ ብዛት ምግብ አልበላ ብሏታል።

እንደምታውቁት በእኛ ወግ ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። አባት ጉሮሮውን ጠርጎ «እስቲ ከዘመድ እንምከር፤ ሌላ ቀን ብቅ በሉ» ይላል። እኔም ይህችን ቃል መስታወት ፊት ቆሜ ስለማመዳት ሰንብቻለሁ። ታዲያ ይህ የሚባለው ቤት ገብተው፣ የመጡበትን ተናግረው ነው እንጂ በር ላይ አይደለም።

እሁድ ሱፌን ለብሼ ተዘጋጀሁ። አዲሱን ስፒከር አውጥቼ ለስለስ ያለ የማሲንቆ ሙዚቃ ልከፍትላቸው ስልኬን አነሳሁ። ስልኩ «አዲስ ማሻሻያ አለ፤ አሁን ይጫን?» አለኝ። እንግዳ ሊመጣ ነው፣ ስልኬም ይታደስ ብዬ «እሺ» አልኩት። ጠፋ። ነጭ ክብ ነገር መሃሉ ላይ ይሽከረከር ጀመር። ዓለም ሲፈጠር እንኳ እንዲህ አልቆየም።

ሰዓቱ አለፈ። ሰው የለም። ዘነበች ወጡን ደጋግማ አሞቀችው።

«የዛሬ ልጅ የላከው ሽማግሌ እንዲህ ነው» አልኩ ተቀምጬ። «ቀጠሮ አያውቁም!»

ይህን ስል ቤዛ ስልኳን ይዛ ከክፍሏ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«አባዬ፣ ምን አድርገንህ ነው?»

«እኔ ምን አደረግኩ?»

«ሽማግሌዎቹን በር ላይ መለስካቸው አይደል? ዮናስ መኪና ውስጥ ሆኖ ሲጠብቃቸው ነበር። እምቢ አሉን ብለውታል!»

«ማን? እኔ? ከዚህ ሶፋ ተነስቼ እንደሆነ እግሬ ይሰበር!»

ልክ በዚህ ጊዜ ስልኬ ነፍስ ዘራ። ከሁሉ በፊት ያሳየኝ ደወሉ የቀረጸውን ቪዲዮ ነበር። ሦስታችን ተደፍተን አየነው።

ሦስት ሰዎች ሱፍ ለብሰው፣ ነጠላ ደርበው በራችን ላይ ቆመዋል። ፊት የቆሙት ጋሽ ወርቁ ናቸው፤ ካምፓላ ያለ አበሻ ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ። ሁለተኛው የዮናስ አጎት ነው። ሦስተኛው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ደረጀ! ክራቫት አስሮ!

ጋሽ ወርቁ ደወሉን ጫኑ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው «ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ» አሉ። ከዚያ ያ ወፍራም ድምፄ መጣ። «ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ አይመቸንም...»

እስከ መጨረሻው አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡት።

«በሩን እንኳ ሳይከፍት?» አለ አጎትየው። «እኔ በሰማይ የመጣሁት በግድግዳ ልባረር ነው?»

«ድምፁ የታዬ ነው» አሉ ጋሽ ወርቁ እያዘኑ። «ሌላ ቀን ማለቱስ ወግ ነው። ግን...»

ደረጀ ዝቅ ባለ ድምፅ «ሰሞኑን ለእኔም እንዲሁ ነው የሚለኝ» አለ። «ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር አለ። አትፍረዱበት።»

ከዚያም ጋሽ ወርቁ ለደወሉ እጅ ነሱ። እውነቴን ነው፣ ለፕላስቲክ እጅ ነሱ! «እሺ ታዬ፤ ሰላም ሰንብት» ብለውት ሄዱ።

ዘነበች ቀና ብላ አየችኝ። «በል እንግዲህ» አለች፤ «አጨብጭብና አብራው!»

ደረጀ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ጋሽ ወርቁም ዝግ። ሽምግልና ሲሄዱ ስልክ ማጥፋት ደግሞ ትዝ የሚላቸው ያን ቀን ነው! ዮናስ ግን ለቤዛ ጽፎላታል፤ ግብዣ አለ ብለው ምሳ ሳይበሉ ስለመጡ ርቧቸው፣ ሐይቁ ዳር ፖርት ቤል ዓሣ ሊያበላቸው ወስዷቸዋል።

ሮጬ ወጣሁ። አንድ ቦዳ የሚሉትን የሞተር ታክሲ አስቁሜ ከሾፌሩ ኋላ ጉብ አልኩ። ልጁ ሱፌን አየ፤ ቀጥሎ እግሬን አየ። ያደረግኩት ነጠላ ጫማ ነው።

«ሴቦ፣ ጌታዬ፣ ሠርግ ነው?»

«ሊቀር ነው! ንዳ!»

ነዳው። ያንን ቁልቁለት የወረደበትን አነዳድ አሁንም በህልሜ አየዋለሁ። አንዷን ነጠላ ጫማ መንገድ ላይ አስቀረሁ፤ አላስቆምኩትም።

ሐይቁ ዳር ደርሼ ሽማግሌዎቹን ሳያቸው ዓሣው ገና መቅረቡ ነው፤ ዮናስ መኪናው ውስጥ ቀርቷል። በአንድ እግሬ ነጠላ ጫማ፣ በሌላው ካልሲ ሆኜ ፊታቸው ቆምኩ። ሦስቱም እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ጋሽ ወርቁ፣ እኔ አልመለስኳችሁም! ደወሉ ነው!»

«ድምፁ ያንተ አይደለም?»

«የእኔ ነው። ግን እኔ አልተናገርኩም።»

«ታዲያ ማን ተናገረው?»

«በሩ!»

አጎትየው ወደ ጋሽ ወርቁ ጠጋ ብሎ «ይህ ሰው ጤነኛ ነው?» አለ። እኔ እየሰማሁ!

«ተቀድቶ የተቀመጠ ነው» አልኩ። «ማንም ቢመጣ ያንኑ ይላል።»

«ሌላ ቀን ሞክሩ ብሎ እንግዳ የሚያባርር ድምፅ ለምን ትቀዳለህ?» አሉ ጋሽ ወርቁ። «ለማን ብለህ?»

እንግዲህ ፍረዱኝ። ያ ሁሉ ሰው ባለበት ከተማ፣ ያ ሁሉ ሽማግሌ ባለበት አገር፣ መልሱ ፊት ለፊቴ ክራቫት አስሮ ተቀምጧል። ዝም ብል የልጄ ነገር ማክሰኞ በአውሮፕላን መሄዱ ነው። ብናገር ደግሞ ወዳጄን ማጣቴ ነው። ወደ ሐይቁ አየሁ። ዘልዬ ልግባበት ብዬም አስቤ ነበር፤ ዋና አልችልም።

«ለደረጀ» አልኩ። «ቅዳሜ ለኳስ እንዳይመጣብኝ።»

ደረጀ የያዘውን ዓሣ ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«እያየኸኝ?»

«...እያየሁህ።»

«እኔኮ ታመህ መስሎኝ ነው» አለ። «በሽታውን መናገር ከብዶት ነው ብዬ... ለሥላሴ ስለት ገብቼልሃለሁ።»

እንዲህ ከሚለኝ በዚያ የዓሣ መጥበሻ ቢመታኝ እመርጥ ነበር። መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ ወርቁ ናቸው። ከዚያ አጎትየው ሳቀ። ደረጀ ግን ሳይስቅ ወደ እነሱ ዞረ።

«እውነቱን ነው የሚናገረው» አለ። «እኔ ምስክር ነኝ። ቃሉ አንድም ሳይለወጥ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ሰው ቢሆን መቼም አንድ ቀን ያስነጥስ ነበር።»

በደረጀ ምስክርነት ዳንኩ። ቢሆንም «አሁኑኑ እንመለስ» ብዬ ብለምን ጋሽ ወርቁ አሻፈረኝ አሉ። ለእሳቸው ሌላ ቀን ከተባለ ሌላ ቀን ነው። በካልሲዬ ቆሜ ስማጠን አይተው ነው መሰለኝ፣ ጣታቸውን እየጠረጉ «ነገም ሌላ ቀን ነው» አሉ።

ሰኞ ከሥራ መልስ መጡ። ደወሉን ነቅዬዋለሁ፤ በር ላይ ራሴ ተተክያለሁ። ቤት ገቡ። ጋሽ ወርቁ ቆመው «እንግዲህ የመጣንበት ጉዳይ...» ሲሉ አላስጨረስኳቸውም።

«እሺ!» አልኩ።

«ገና አልተናገርኩምኮ!»

«ይሁን ግድ የለም፣ እሺ!»

ዘነበች እግሬን ረገጠችኝ። ስንት ቀን መስታወት ፊት ያጠናኋት ቃል ጠፍታ ቀረች። ልጁን ሳይጠየቅ የሰጠ አባት ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም። ቤቱ በሳቅ አለቀ፤ ሁሉም አጨበጨበ፤ መብራቱ ድርግም አለ። የልጄን እልልታ የሰማነው በጨለማ ነው።

ዛሬ ቤዛና ዮናስ ቡጎሎቢ ይኖራሉ። ዮናስም ያው የእኔ በሽታ አለበት ለካ፤ ደወሉን «መጣል ነውር ነው» ብሎ ወሰደው። ድምፄን ግን ሊያጠፋው አልቻለም፤ አፑ በቻይንኛ ነው። ቤዛ ደግሞ «ተወው፣ ሌባ ይፈራዋል» ትላለች።

ባለፈው ቅዳሜ ከደረጀ ጋር ልንጠይቃቸው ሄድን። አሁን ቅዳሜ የደረጀ ነው፤ ሪሞቱም፣ ሶፋውም። ማንጎ የሞላ ፌስታል አንጠልጥዬ የልጄን ደወል ተጫንኩ። እነሱ ለካ ጓሮ ሆነው ስልካቸውን ቤት ትተውታል።

«ጤና ይስጥልኝ» አልኩኝ እኔ፣ ከግድግዳው ውስጥ። «ዛሬ አይመቸንም። ሌላ ቀን ሞክሩ። ደወሉን ደጋግማችሁ አትንኩ።»

ስንት ዓመት ኖሬ እንዲህ ያለ ባለጌ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ከመናደዴ የተነሳ ማንጎውን በደወሉ ላይ ልወረውር እጄን አነሳሁ። ደረጀ ያዘኝ፤ ባርኔጣውን አውልቆ ለደወሉ እጅ ነሳና ክንዴን ጎተተኝ።

«ና እንሂድ ታዬ» አለኝ። «ሰውየው አይመቸኝም ብሏል። ታሞ ይሆናል፤ ስለት እንግባለት።»