የአባቴን ቱርቦ ማን ገደላት?

የአባቴን መኪና የገደልኳት እኔ ነኝ። ይቺን አጭር ዓረፍተ ነገር ከአፌ ለማውጣት ስምንት ወር ፈጅቶብኛል።

መኪናዋ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም የማያንስ፣ ቱርቦ ያላት አሮጌ የቤት መኪና ናት። ገርጂ ግቢያችን ውስጥ ከልጆቹ ሁሉ በላይ የተከበረችው እሷ ነበረች። አንድ ማለዳ ባትሪዋ ደክሞ እምቢ ስትለኝ የመሥሪያ ቤቴን መኪና አስጠግቼ ገመድ ቀጠልኩላት። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው ቀይና ጥቁር ለመለየት ማንን ይጠይቃል? ማንንም። ገልብጬ ሰካሁት። ጧ አለ፣ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፤ ገመዱን ነቅዬ ቤት ገባሁና ቁርሴን በላሁ።

ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ዘይት የቀየሩላት ቦሌ ሚካኤል ትንሽ ጋራዥ ያላቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው መካኒክ ነበሩ። ከአባቴ ጋር ሃያ ዓመት አብረው የበሉ፣ አብረው ለቅሶ የደረሱ ሰው ናቸው። አባቴ ግን «ትናንት ነክቷት ዛሬ ሞተች» አለ። እኔስ ምን አልኩ? «እርጅናም ሊሆን ይችላል» አልኩ። ቸርነቴ! አባቴ ስልክ ደውሎ «ሁለተኛ ግቢዬን እንዳትረግጥ» ሲላቸው አጠገቡ ቆሜ ነበር። «እሺ» ብለው ሲዘጉ ሰማሁ። ራሴን ጠላሁት፤ ዝም ማለቱን ግን ቻልኩበት።

የተቃጠለው የሞተሩ ኮምፒውተር ነበር፤ ምትኩ በሀገሩ ጠፋ። እኔም እንደ አዳኝ ተነሳሁና በላፕቶፕ እንደፈለጉ የሚያዙት፣ ለየትኛውም ሞተር የሚሆን ኮምፒውተር በሰው ሻንጣ ከውጭ አስመጣሁ። አባቴ ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ ነው የሚያስነሳልኝ» እያለ ይመርቀኝ ጀመር። አሜን እያልኩ ተቀበልኩ፤ ምን ላድርግ?

የሚገጥመውን ባለሙያ አትላስ አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ አገኘሁት። «ብሮ፣ ቺል በል፣ ፕለግ ኤንድ ፕሌይ ነው» አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ ዳሽቦርዱን እንደ በዓል በግ ብልት በብልት አወጣው። ወደ አስር ሰዓት ላይ ቁልፉን ብናዞር ሞተሪኖው ሞተሩን ያዞራል፤ ላፕቶፑ ግን «ዙር፦ ዜሮ» ይላል። እኛ በጆሯችን እየሰማን እሱ ይክዳል! ባለሙያው መጀመሪያ «ሶፍትዌሩ ነው» አለ። ቀጥሎ «ሃይቱ ነው፣ አዲስ አበባ አየሩ ስስ ነው» አለ። ጥፋትን በከተማው ከፍታ ላይ ማላከክ ለእኔ እንኳን አልመጣልኝም ነበር፤ ሙያ ማለት ይሄ ነው። በመጨረሻ ሐቁን አወጣው፦ «የሽቦዎቹ ቀለም ከኢንተርኔቱ ሥዕል ጋር አይገጥምም። ከዚህ በፊት ማነው የነካት?»

ማን ይነካታል! አንድ ሰው ብቻ ነው የነካት፤ ጋሼ።

በማግስቱ አባቴ ለዕድር ስብሰባ እንደወጣ ቦሌ ሚካኤል ሄድኩ። ጋሼ እሁድም አይዘጉም። «እንዴት ነህ ልጄ? አባትህ ደህና ነው?» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አባቴ ሳይመለስ እንዲረዱኝ ስለምናቸው ቱታቸውን እንደለበሱ ተከተሉኝ።

ባለሙያው ላፕቶፑን ታቅፎ ግቢያችን ይጠብቀን ነበር። ጋሼ ኮፈኑን ከፈቱ፤ ላፕቶፑን ዞር ብለውም አላዩት። የሞተሩን ዙር የምትቆጥረውን ሴንሰር ድሮ ከሌላ መኪና አምጥተው የተኳት ለካ ራሳቸው ናቸው፤ የሽቦዎቹ ቀለም ያልገጠመውም ለዚህ ነው። «እነዚህን ሁለት ሽቦዎች አቀያይራቸው» አሉት ባለሙያውን። አቀያየራቸው፣ ቁልፉን አዞርኩ፣ ተነሳች! ቱርቦዋ ስታፏጭ ባለሙያው ለደንበኞቹ የሚያሳየውን ቪዲዮ መቅረጽ ጀመረ፤ በእሱ የተሠራች ናታ።

ጋሼ ግን ክዳኑ ተከፍቶ የተቀመጠውን የድሮውን ኮምፒውተር አንስተው ጠቁሮ የተቃጠለውን ቦታ አዩት። «ባትሪ ገልብጦ የሰካው ማነው?» አሉ ቀስ ብለው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። አፈርኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁና እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «ጋሼ፣ ምሳ በልተው ይሂዱ እንጂ» ብላቸው «ባለቤቱ ሳይጠራኝ?» ብለው ወጡ።

ብዙም ሳይቆይ አባቴ መጣ። ድምፅዋን ከበር ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ተባረክ ልጄ! ያ ሰውዬ ገድሏት...»

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። «አባዬ፣ የገደልኳት እኔ ነኝ። ባትሪውን ገልብጬ ሰካሁት። አሁን ያስነሷትም ጋሼ ናቸው።»

እርግማን ጠበቅኩ። አባቴ ኮፈኑን ዘጋ።

«እዚህ ገብቶ ነበር?» አለ።

«አዎ።»

«ምን በላ?»

«ምንም። እምቢ አሉ።»

«ውሃስ?»

ስለ ባትሪው አንድም ነገር አልጠየቀኝም። እንደተፈታች ገብቶ መሪዋን ያዘ። ባለሙያው «ፋዘር፣ ገና አልተስተካከለችም፣ እንዳይነዷት!» ብሎ ጮኸ፤ ማን ሰምቶት። እኔ ሮጬ ከጎኑ ያለውን በር ስከፍት አባቴ ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር ተናገረ።

«ስናመጣው እሱ ነው እዚህ የሚቀመጠው። አንተ ከኋላ ግባ።»