የሻለቃው መንጋጋ

እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ፍኖተ ሰላም ልጄ ቤት፣ የልጅ ልጆቼ ፊልም ከፍተው በሳቅ ይንፈራፈራሉ። ታሪኩ ያልገደለውን ሰው ገደልክ ተብሎ ስለሚሳደድ ሐኪም ነው። በመስኮት ሲዘል ሱሪው ይቀደዳል፤ የሚያባርሩት ፖሊሶች እርስ በርስ ይላተማሉ።

«እማማ፣ አያስቅዎትም?» አለችኝ ትንሿ።

አላሳቀኝም። ደሜ ፈላ።

በጣልያን ጊዜ ማንኩሳ ውስጥ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ባለቤቴ አዳሙ ወጌሻ ነበር። አንድ ቀን ክንዱ የተሰበረ የጣልያን ወታደር ሲመጣ አዳሙ በቀርከሃ አስሮ ጠገነው። ያ ወታደር ሰንበት ብሎ፣ አረቄ ጠጥቶ ሲንገዳገድ ወንዝ ውስጥ ወድቆ ሞተ። አብረውት ሲጠጡ የዋሉት ጓደኞቹ ግን ጣጣው እንዳይተርፋቸው «ወጌሻው መርዝ ቀብቶት ነው» አሉ። አዳሙን የፊጥኝ አስረው ቡሬ ወሰዱት።

በሶ ቋጥሬ በእግሬ ተከተልኩ። ኅዳር ነበር፤ በየደጁ የተሰጣው በርበሬ ያስነጥሳል። ስደርስ አዳሙ ገበያው ዳር፣ ዳኛ ሆኖ ከተሰየመው የጣልያን ሻለቃ ፊት ቆሟል።

«ክንዱን አሰርኩለት እንጂ መርዝ የሚባል ነገር በእጄ ነክቼ አላውቅም» ብሎ ይምላል። አስተርጓሚው ሲተረጉም ሻለቃው አዛጋ። የሰው ነፍስ ተይዞ ያዛጋል! ያን ጊዜ መንጋጋው ቀጭ ብሎ ወለቀ። አፉ እንደተበረገደ ቀረ፤ ለሃጩ በደረቱ ሜዳሊያ ላይ ይንጠባጠባል። ገበያተኛው ሳቁን በነጠላው አፈነ።

«ፍቱኝና ልመልስለት» አለ አዳሙ።

ከተጋባን ጀምሮ አንቱ ስለው የኖርኩትን ሰው «አንተ! ተወው! እንደተከፈተ ይቅር!» ብዬ ጮህኩበት።

«ዝም በይ አንች፣ ሰውየውን አሞት የለም እንዴ» አለኝ።

ፈቱት። አውራ ጣቶቹን ሻለቃው አፍ ውስጥ ከትቶ፣ ወደ ታች ጫን አድርጎ መለሰለት። ሻለቃው አፉን ከፈት ዘጋ አድርጎ ሞከረው። ደኅና ሆኗል። በዚያው አፍ አንድ ቃል ተናገረ። አስተርጓሚው እንኳ ለመተርጎም ተቸገረ።

«ይሰቀል ብለዋል።»

በማግስቱ ሰቀሉት።

ቄሶቹ ጻድቅ ነው ሲሉኝ ራሴን እነቀንቃለሁ። ሻለቃውን መጥላት አላቃተኝም። ያቃተኝ አዳሙን ይቅር ማለት ነው። ለታመመ ሁሉ ሲራራ በእኔ ጨከነ።

ፊልሙ አልቋል። «ሐኪሙስ አመለጠ?» አልኳት ትንሿን።

«አዎ እማማ፣ መጨረሻ ላይ አመለጠ።»

«ደግ አደረገ» አልኩ።