የአባቴ ላንድሮቨር ሦስት መብራቶች

ጥቅምት አሥራ አራት ቀን፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የአባቴ ላንድሮቨር ከወረታ ወደ ወንዛዬ ስንሄድ የጠጠር መንገዱ መታጠፊያ ላይ ሳይታጠፍ ቀርቶ ሩዝ ማሳ ውስጥ ገባ። መኪናው ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። መሪውን የያዙት አባቴ ናቸው። ጋቢና የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። አዲስ የተገጠሙት ሦስት መብራቶች ሦስቱም በርተው ነበር።

ስለ መብራቶቹ በእርግጠኝነት መናገር እችላለሁ፤ መርጬ የገዛኋቸው እኔ ነኝ። አባቴ ክረምት ሲገባ አዲስ አበባ ደውለው፣ "የመኪናው ብርሃን እየተበተነ አስቸገረኝ" አሉኝ። "ከፊት የሚመጣ መኪና መብራትማ እንደ እሾህ ነው የሚወጋኝ።"

ሃያ ስድስት ዓመት ዜና የሠራሁ ሰው ነኝና ደብተር አውጥቼ ጠየቅኳቸው። አምፖሉ መቼ ተቀየረ? የመብራቱ መስታወት ተጭሯል? ባትሪው ሌሊት ይወርዳል? ሁሉንም መለሱልኝ። ሁሉንም ጻፍኩ። ስለ መኪናው እንጂ ስለ እሳቸው አንድም ጥያቄ አልጠየቅኩም።

ላንድሮቨሩ በንጉሡ ዘመን የገባ ነው። አባቴ ለመሥሪያ ቤት ሲነዱት ኖረው ጡረታ ሲወጡ መኪናውም ጡረታ ወጣና በሐራጅ ገዙት። ከዚያ ወዲህ በበጋ ወገባቸውንና ጉልበታቸውን የሚያማቸውን ሰዎች ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ ያመላልሳሉ። በክረምት የፎገራ ሜዳ ውኃ ሲተኛበት ሌላ መኪና የማይደፍረውን መንገድ ገብተው ወላድና በሽተኛ ወደ አስፋልት ያወጣሉ። ወረታ ውስጥ የሞተሩን ድምፅ የማያውቅ የለም። መሪው ከእጃቸው ቢወጣ ምን እንደሚቀራቸው አውቅ ነበር። እሳቸውም ያውቁ ነበር።

ባጃጆች ግንባራቸው ላይ የሚደረድሩትን ዓይን የሚያጠፋ ነጭ መብራት ገዝቼ መላክ እችል ነበር። "የባጃጅ ጌጥ እንዳታመጣብኝ" አሉ። እኔም አልፈለግኩም። መኪናው አዲስ ሳለ የተነሳው ፎቶ አለን፤ ከፊት ግጭት መከላከያው ከፓራውልቱ ላይ ሁለት ክብ የጉም መብራቶች፣ በሾፌሩ በኩል ደግሞ አንድ የሩቅ መብራት ይታያሉ። ያንኑ ለማግኘት አዲስ አበባ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበትን ሶማሌ ተራን አራት ቅዳሜ ዞርኩ። ለጉም የሚሆነው መብራት መስታወቱ ላይ ቁም መስመር አለው፤ ብርሃኑን ዝቅ አድርጎ ወደ ጎን ይዘረጋዋል። የሩቁ መስታወት ግን ልሙጥ ነው፣ ብርሃኑ እንደ በትር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ብዙዎቹ ውስጣቸው በዝገት የተዥጎረጎረ ነበር፤ ሻጮቹ ጠርዙን ወልውለው ያሳዩኛል፣ እኔ ከፍቼ ውስጡን አያለሁ። በመጨረሻ ውስጣቸው እንደ ብር የሚያበራ፣ ባለ ቢጫ መስታወት ጥንድ አገኘሁ። የሩቁን ከሌላ ሱቅ ገዛሁ። በምርጫዬ ኮርቼ ነበር።

ጥቅምት ላይ ይዣቸው ወረታ ሄድኩ። የገጠመልን እዚያው መለዋወጫ የሚሸጥ፣ በመኪና ኤሌክትሪክ የታወቀ ሙስሊም ጎረቤታችን ነው። አባቴን "ጋሼ" ይላቸዋል፤ እሳቸው "ወዳጄ" ይሉታል። እኔ በፎቶው ከላይ ቢሆንም፣ መጽሐፍ ጠቅሼ፣ የጉም መብራት ዝቅ ብሎ ከፓራውልቱ ሥር ነው የሚገጠመው አልኩ፤ ከላይ ከሆነ ብርሃኑ ጉሙን መትቶ ሾፌሩ ፊት ላይ ይመለሳል።

"መጽሐፉ ልክ ነው" አለ ባለሙያው ካቻቪቴውን እንደያዘ። "መጽሐፉን የጻፈው ሰው ግን ፎገራን በነሐሴ አላየውም። ከሥር ካደረግከው ዓሣ ታረባበታለህ።"

ፓራውልቱ ላይ እንዲሆን ተስማማን። ከእያንዳንዱ መብራት ሥር ውኃ መውጫ ትንሽ ቀዳዳ በሳ። ሽቦውን በሪሌና በፊውዝ አድርጎ ከባትሪው አገናኘ፤ ማብሪያውን አባቴ በእጃቸው ዳሰው በሚያገኙት ቦታ፣ ከመሪው ሥር አደረገው። ዳሰው እንዲያገኙት ያለው እሱ ነው። ያኔ ልብ አላልኩትም።

አመሻሹ ላይ መኪናውን ከሩዝ መጋዘን ግድግዳ ፊት አቁመን ብርሃኑን አስተካከልን። ግድግዳው ላይ በጠመኔ መስመር አሰመርኩ። አባቴ መሪው ላይ ተቀምጠዋል።

"ጋሼ፣ የብርሃኑ ጫፍ መስመሩን ነካ?" አለ ባለሙያው።

"ነካ።"

አልነካም ነበር። ከመስመሩ አንድ ክንድ በላይ ነበር። ባለሙያው ብሎኑን ላላ አድርጎ ራሱ አስተካከለው።

"አየህ፣ ሽማግሌው መኪና ኩል ተኳለ!" አለኝ ሲጨርስ። "ለማንኛውም ዋናው መብራት ጋቢና የሚቀመጠው ሰው ነው።" ሳቅኩ። ቀልዱን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። አሁንም እዚያው አለ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ወንዛዬ የምንወስዳቸው አንዲት ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናትና ልጃቸው ነበሩ። እናቲቱ እንደ ልማዳቸው ጋቢና ሊወጡ ሲሉ እኔን አዩኝና፣ "ዛሬስ ልጁ አለልዎ" ብለው ወደ ኋላ ዞሩ። ደስ አለኝ። ክብር መስሎኝ ነበር።

ጉሙ ሩዙ ላይ ተኝቶ ነበር። ቢጫው ብርሃን መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ዘርግቶ አሳየኝ፤ ጠጠሩን፣ የመንገዱን ጠርዝ፣ ከቱቦው አጠገብ የቆመውን የተሰበረ ግንድ። መታጠፊያው ከሩቅ ታየኝ። አባቴ ቀጥ ብለው ነዱ። እኔ ዝም አልኩ። ዕድሜውን ሙሉ የነዳ ሰው እኔ የማየውን አያይም ብዬ አላሰብኩም። ደብተሬ ጭኔ ላይ ነበር፤ ስለ ብርሃኑ እየጻፍኩ ነበር።

ማሳው ውስጥ ስንቆም አባቴ የበሩን እጀታ በእጃቸው እየፈለጉ፣ "ለምን ዝም አልከኝ?" አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ግራ ገብቷቸው ነበር።

"ምን ልበል?"

ከኋላ እናቲቱ እጃቸውን ይዘው እያቃሰቱ፣ "ጋቢና የተቀመጠ ይናገራል እንጂ!" አሉ። "በስተቀኝ በሬ አለ፣ ወደ ግራ ይዞራል እያለ ይናገራል! ሁለት ዓመት ሙሉ ስንናገር ነው የኖርነው!"

እንዲህ ነበር። አባቴ ሳይጠይቁ፣ ተሳፋሪውንም ማንም ሳያዝዘው፣ ከጎናቸው የሚቀመጥ ሁሉ መንገዱን እንደ ወግ እያስመሰለ ሲነግራቸው ኖሯል። የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል። እንዳያፍሩ ብሎ እሳቸው ፊት አያነሳውም። እኔም እንዳላፍር ብሎ አልነገረኝም። እኔ በዓመት ሦስት ጊዜ እየመጣሁ የሩዝ ዋጋ ጠይቄ እመለሳለሁ።

ገበሬዎች በሬ አምጥተው መኪናውን ሳቡት። የእናቲቱ ክንድ ተሰብሮ ነበር። ባለሙያው ተደውሎለት በባጃጅ ደረሰ። ከእሱ ኋላ ትራፊክ ፖሊስ መጣ።

"ጉሙ ነው" አሉት ገበሬዎቹ፣ ሳይጠይቃቸው።

"ጉሙ ነው ልጄ" አሉ እናቲቱ፣ የተሰበረ ክንዳቸውን በነጠላ አስረው። "ምን ይታያል በዚህ?"

ባለሙያው ዓይን ዓይኔን እያየ፣ "ጉም ነበር" አለ።

ፖሊሱ ወደ እኔ ዞረ። "እርስዎስ? ጋቢና ነበሩ አሉ።"

አባቴ ፊታቸውን ድምፄን ወደሚጠብቁበት አቅጣጫ አዙረው ቆመዋል። ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ደርሷል። ሁሉም ሰው አንዲት ቃል ነበር የሚጠብቀው፤ ቃሏም ግማሽ እውነት ነበረች።

"መንገዱ ይታይ ነበር" አልኩ። "አባቴ አያዩም።"

ባለሙያው ምራቁን ወደ ሩዙ እንትፍ አለ። አባቴ ኪሳቸውን ዳብሰው መንጃ ፈቃዳቸውን አወጡና ፖሊሱ ወዳለበት ዘረጉ። እጃቸው ከፖሊሱ እጅ ጋር አልተገናኘም። ተቀብዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ትክክል እንደሠራሁ በየቀኑ አውቃለሁ፤ ምንም አልጠቀመኝም። ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው አለ፤ ሁለቱም ዓይን። ቶሎ ቢመጡ ኖሮ የቀኙ በቀላሉ ይገፈፍ ነበር፣ አሁን ዘግይቷል አለ። ግራውን ኅዳር ውስጥ አከሟቸው። ሐኪም ቤት የወሰዳቸው ባለሙያው ነው። እኔ እመጣለሁ ብዬ ደውዬለት ነበር፤ "ሥራህን ሥራ" አለኝ።

መንጃ ፈቃዱ አልተመለሰም። ላንድሮቨሩን አሁን የሚነዳው ባለሙያው ነው፤ መብራቶቹም አሉ። ባለፈው ሳምንት ስደውልለት ወንዛዬ መንገድ ላይ ሆኖ አነሳው። ከሞተሩ ድምፅ ጋር የአባቴ ድምፅ ይሰማ ነበር። በስተግራ ሁለት ላሞች እንዳሉ ይነግሩታል። አገናኘኝ አልኩት፤ "እንኩ ጋሼ" ብሎ ስልኩን ወደ እሳቸው ሲዘረጋ ሰማሁ። አልተቀበሉትም።