ክምር ያሳመረው ባል

ሳቂታዋ የሚሏት ሴት ባል ሥራ ፍለጋ ወጥቶ ድምፁ ጠፍቶ ቀረ። ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን፣ ቁመቱ ባሏን የሚያህል፣ ፂም ፊቱን የዋጠው ሰው ከደጅ ቆመ። ገና አፉን ሳይከፍት ዓይናቸው የደከመው አማቷ «ልጄ መጣ!» ብለው አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። ጎረቤት እልል አለ። ሰውዬውም «አዎ፣ መጣሁ» አለ።

ሳቂታዋ ግን እግሩን ሲያነሣ አይታ ባሏ አለመሆኑን ዐውቃለች። የአማቷን ደስታ እንዳታፈርስ ባታጋልጠውም፣ ፈጣሪዋን የምትፈራ ሴት ናትና ማደሪያውን ከበሬዎቹ ጋር አደረገችለት። እሱም ሳያጉረመርም በሬዎቹን ቀለበ፣ አጥሩን አጠረ፣ የአሮጊቷን እግር አጠበ። ቤቱን ሳቅ ሞላው። እሷም ስትጸልይ «ጌታዬ፣ ማን እንደሆነ ባላውቅም አንተ ሳትልከው አልቀረህም» ትል ጀመር።

መከር ደረሰ። ሰውዬው የባልየውን ነገር፣ የአክስቶቹን ስም ሳይቀር፣ አብጠርጥሮ ያውቃል። ነገር ግን የራሱን ስንፍና የሚያወራ ማን አለ? ባልየው ነዶ ሲከምር ለመገላገል ያህል ፍሬ ያዘለውን ዛላ ወደ ውጭ እያዞረ እህሉን የወፍ ሲሳይ ያደርገው ነበር። ይሄኛው ዛላውን ወደ ውስጥ ሰብስቦ፣ እንደ ሹሩባ የተሠራ ክምር አቆመ።

የባልየው ታናሽ ወንድም ሰውዬው እስኪመጣ ድረስ መሬቱን ሲያርስ የኖረ ነውና፣ ክምሩን ሲያይ ዓይኑ በራ። ሰውዬው ከክምሩ ላይ እንዳለ የወጣበትን መሰላል ነጥቆ «ኑ፣ ጉድ እዩ!» አለ። መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ።

«ወንድሜ እንዲህ ከምሮ ያውቃል? እትዬ፣ በይ ማይ! ባልሽ ነው?»

ብትምል ነፍሷን፣ ባትምል ሰውዬውን ልታጣ ነው።

«አይደለም» አለች፤ ሳቋ ግን አመለጣት። «ከመጣ ቀን ጀምሮ ዐውቃለሁ! ባሌማ ደጁን ሳያልፍ ‹የሚበላ ምን አለ?› ነበር የሚለው!»

«ኧረ እኔም ልናገር!» አለ ሰውዬው ከላይ። «ከባልሽ ጋር መንገድ ሥራ ላይ አብረን ነበርን። ‹ሌላ አግብቻለሁ፣ አትጠብቂኝ በልልኝ› ብሎ ላከኝ። እማማ ሲያቅፉኝ አፌ ተሳሰረ። ይቅር በሉኝ!»

«ውሸታም!» አለ ታናሽዬው።

«እውነቱን ነው» አሉ አሮጊቷ። «ራሱ መጥቶ መናገር እንኳ ሰልችቶት! ይሄማ የዚያ የሰነፉ ልጄ ሥራ ነው፣ ዐወቅሁት።»

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ባዕድ ነው!»

«ባዕድስ ይሁን! መሬቱ የኔ ነው፤ በቁሜ አትውረሰኝ። የክምሩ ማማር ለኔ ለዓይነ ደካማዋ እንኳ ታይቶኛል!»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቂታዋ እንባዋን እየጠረገች ቀና አለች። «አንተ፣ ታገባኛለህ?»

«መጀመሪያ ልውረድ!»

«መጀመሪያ መልስ!»

«እሺ! እሺ!»

«ተመስገን!» አለችና ወደ ታናሽዬው ዞረች። «በል ወንድምዓለም፣ መሰላሉን አምጣ እንጂ፤ እጮኛዬ ይውረድበት።»