ስንት ራም ይበቃኛል?

ቁይ በምትባል የገጠር ከተማ በሰው ፊት ያፈርኩበትን ቀን ሳላነሳ ስለ አዲሱ ላፕቶፔ ማውራት አልችልም።

የውሃ ባለሙያ ነኝ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ሥራዬ ግን ከከተማው ይልቅ በዙሪያው ባሉት ቀበሌዎች ነው። ምንጭ እለካለሁ፣ ቧንቧ በየት በኩል ቢያልፍ እንደሚሻል አጠናለሁ። ድሮ ይህን ሁሉ የምሠራው በወረቀት ነበር። ካርታው ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ ወዲህ ግን ልጄ ኮሌጅ ሳለች የተማረችበትን ላፕቶፕ ይዤ እዞር ነበር። አዲስ አበባ ሥራ ይዛ ሌላ ስትገዛ "አባዬ፣ ለጽሑፍ ይሆንሃል" ብላ የሰጠችኝ ነው። ለጽሑፍስ ሆኖኝ ነበር።

የዚያን ቀን የላይኛውንና የታችኛውን መንደር ሰዎች ሰብስቤ አዲሱ የውሃ መስመር የሚያልፍበትን ላሳያቸው ነበር የሄድኩት። አዳራሹ ሞልቷል። ፕሮጀክተሩን ግድግዳው ላይ አበራሁና ካርታውን ከፈትኩ። ከአየር ላይ የተነሳ የአካባቢው ፎቶ ሆኖ መስመሩ በላዩ ተሰምሮበታል። ከላይ ጀምሮ በቁራጭ በቁራጭ ይመጣ ጀመር። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኑና ዙሪያውን ያለው ደን ታየ፤ ቀጥሎ የላይኛው መንደር ቆርቆሮ ጣሪያዎች። የላይኛው መንደር ሰዎች አንዱ ለሌላው በጣቱ እያሳየ ተሳሳቁ። ከዚያ ቆመ። የግድግዳው የታችኛው ግማሽ ነጭ ሆኖ ቀረ።

"እየመጣ ነው" አልኩ።

ላፕቶፑ እንደ ወፍጮ ይጮሃል። ማውዙን ብነካካ አይንቀሳቀስም። አጥፍቼ አስነሳሁት፤ እዚያው ቦታ ሲደርስ እንደገና ቆመ። የታችኛው መንደር ሰዎች እርስ በርስ መንሾካሾክ ጀመሩ። በመጨረሻ አንዱ ጎልማሳ ተነስቶ "እኛ የለንበትም ማለት ነው?" አለ።

"አላችሁበት፤ እምቢ ያለው መሣሪያው ነው" ብል ማን ይመነኝ? በውሃ ጉዳይ ሰው ሰብስቦ ግማሹን አገር ነጭ አድርጎ የሚያሳይ ሰው ምን ብሎ ይታመናል? ስብሰባው ለሁለት ሳምንት ተቀጠረ። ሰው ሲወጣ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው አጠገቤ ቆሙ።

"ልጄ፣ ተንኮል አለህ አልልህም" አሉኝ። "ግን ቤታችንን ባዶ ሜዳ አድርገህ ስታሳየን ደስ አላለንም።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ" አልኳቸው።

ቤት ስገባ ባለቤቴ የተማሪዎቿን ፈተና እያረመች ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አዳመጠችኝና "ግዛ እንግዲህ" አለች። "ያለ ሞፈር የሚያርስ ገበሬ አይተህ ታውቃለህ?"

ለልጄ ደወልኩላት።

"ሠላሳ ሁለት ግዛ" አለችኝ ገና ሳልጨርስ።

"የሥራ ባልደረባዬ የእኔ አምስት መቶ ነው ይላል። አንቺ ደግሞ ሠላሳ ሁለት ትያለሽ?"

ሳቀች። "አባዬ፣ እሱ የሚልህ ስቶሬጁን ነው። እኔ የምልህ ራሙን።"

"ሁለቱም ሜሞሪ አይደሉም እንዴ?"

"ሜሞሪማ ናቸው፤ ግን..." ብላ ስታስረዳኝ ስልኩ ይቆራረጥ ጀመር። ከዚያ ሁሉ ንግግር የያዝኩት ሠላሳ ሁለት የሚለውን ቁጥር ብቻ ነው።

በማግስቱ ከመናኸሪያው አለፍ ብሎ ወዳለ አንድ ኮምፒውተር ቤት ገባሁ። የሱቁ ባለቤት ከወሎ የመጣች፣ ሻርፕ ያሰረች ወጣት ሴት ናት፤ ራሷ ትሸጣለች፣ ራሷ ትጠግናለች። ስገባ የአንድ ላፕቶፕ ሆድ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ነበር።

"ሠላሳ ሁለት ራም ያለው ፈልጌ ነበር" አልኳት፤ አዋቂ ለመምሰል ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

"ምን ሊሠሩበት ነው ጋሼ?"

"ካርታ።"

"ሠላሳ ሁለት ያስፈልግዎታል ያለዎት ማነው?"

"ልጄ።"

"ካርታውን አይታዋለች?"

አላየችውም።

"እንግዲያው አሮጌውን ከነካርታው ይዘው ይምጡ። እዚሁ ከፍተን እንየው።"

ውዱን ዕቃ ልትሸጥልኝ ስትችል ሂድና ተመለስ ማለቷ ገረመኝ። ከምሳ በኋላ አሮጌውን ይዤ ተመለስኩ። አንድ ትንሽ መስኮት ከፈተችበት፤ ውስጡ አንዲት መስመር እንደ ልብ ምት ትርገበገባለች። "አሁን ካርታውን እንደዚያ ቀን ይክፈቱት" አለችኝ። ከፈትኩት። መስመሯ ሽቅብ ወጣችና ጣሪያው ላይ ተለጥፋ ቀረች።

"አዩት? ያለው ራም አራት ነው። አራቱንም ጨርሶታል።"

"ቦታ እኮ አለው" አልኩ። "ገና ግማሹ ባዶ ነው ይለኛል ሁልጊዜ።"

"እሱ ጎተራው ነው ጋሼ። እህሉ ሁሉ የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ ጎተራዎ ሰፊ ነው። ራም ማለት ሰፌዱ ነው። በአንድ ጊዜ የሚያበጥሩት ሰፌዱ የያዘውን ያህል ነው። በትንሽ ሰፌድ ሙሉ ቁና ቢገለብጡበት ምን ይሆናል?"

"ይደፋል።"

"ይኸው ተደፋ።"

ከዚያ ካርታውን በፍላሽ ገልብጣ መደርደሪያው ላይ ከነበሩት ሁለቱን አወረደች፤ አንዱ ባለ ስምንት፣ አንዱ ባለ አሥራ ስድስት። ባለ ስምንቱ ካርታውን እስከ ታች ከፈተው፤ ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል "ቆይ፣ በሥራ ቀን አብረው የሚከፍቱትን ሁሉ ይክፈቱ" አለችኝ። የምንጮቹን ልኬት የምጽፍበትን ሰንጠረዥ ከፈትኩ፣ ኢንተርኔቱንም ከፈትኩ። ወዲያው እንደ ደከመ በቅሎ እየቆመ መሄድ ጀመረ። በባለ አሥራ ስድስቱ ላይ ያንኑ ስናደርግ መስመሯ ከግማሽ ጥቂት አለፍ ብላ ረጋች።

"ሠላሳ ሁለትስ?"

"ለዚህ ሥራ ትርፍ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ለስንት ዓመት ነው የሚፈልጉት?"

ጡረታዬ አራት ዓመት ቀርቶታል። አራት ልላት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ለምን እንደተውኩት እኔም አላወቅኩም።

እሷ ሌላ ምርጫ የፈለግኩ መስሏት ሌሎች ሁለት አመጣች። ሁለቱም ባለ አሥራ ስድስት ናቸው። አንደኛው ቀጭንና ቀላል፣ ብርማ ቀለም ያለው፤ ዓይኔ እሱ ላይ ወደቀ። የምሄደው በእግር ስለሆነ ቀላል ዕቃ እወዳለሁ። "የዚህኛው ራም ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፤ ወደፊት ልጨምር ቢሉ አይጨመርበትም" አለች። ሁለተኛው ወፍራምና ጥቁር ነው። ጀርባውን ፈታ አሳየችኝ፤ አንዱ ማስገቢያ ባዶ ነው። "በዚህ ላይ ሲጠብዎ ይጨምራሉ።"

"ነገ እመለሳለሁ" ብያት ወጣሁ። ባጃጅ አልያዝኩም። በጮቄ ተራራ በኩል ደመና ከብዷል፤ እስኪዘንብ ጊዜ አለ ብዬ ቀስ ብዬ ተራመድኩ።

"ለአራት ዓመትማ ቀጭኑም ይበቃኝ ነበር" አልኳት ለባለቤቴ፣ ቤት ገብቼ ሁሉን ከነገርኳት በኋላ።

"ከአራት ዓመት በኋላስ?"

"ጡረተኛ ነኛ።"

"እነዚያስ ደብተሮች?"

ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ የለካኋቸውን ምንጮች በእርሳስ የጻፍኩባቸው ደብተሮች ሁለት ጆንያ ይሞላሉ። ሦስት ጊዜ ቤት ስንቀይር ጠቅልላ ያጓጓዘቻቸው እሷ ናት። አንድ ጊዜ እንጣላቸው ስትለኝ "ሁሉንም አንድ ካርታ ላይ አሰፍራቸዋለሁ" ብያት ነበር። እውነቱን ለመናገር ያን ያልኩት ነገሩን ለማብረድ ነው። እሷ ግን የምሬን መስሏት ያን ሁሉ ዓመት ጠብቃቸዋለች።

"ጊዜ ሳገኝ ነበር ያልኩሽ" አልኳት።

"ጡረታ ጊዜ አይደለም?"

ከጡረታ ወዲያ ስላለው ዘመን እስከዚያች ሰዓት አንድም ነገር አስቤ አላውቅም። ቀድመውኝ የወጡ ጓደኞቼ ጠዋት ጠዋት ግንብ ተደግፈው ፀሐይ ሲሞቁ አያለሁ፤ የእኔም ተራ ሲደርስ ያው ነው ብዬ ነበር። ለካ ዘመኔን በአራት ዓመት ያጠርኩት እኔው ራሴ ኖሬያለሁ። ባለቤቴ ፈተናዋን ወደ ማረም ተመለሰች፤ እኔ ደግሞ ሄጄ አንዱን ጆንያ ፈታሁ።

በማግስቱ ወፍራሙን ገዛሁ።

"ወፍራሙን?" አለች ባለ ሱቋ፤ ዓይኔ ቀጭኑ ላይ ሲንከራተት ስላየችኝ።

"ወፍራሙን። ሲጠበኝ እጨምርበታለሁ።"

"ያን ጊዜ እኔ ጋ ይምጡ፤ በአምስት ደቂቃ እገጥምልዎታለሁ።" ከአሮጌው ላይ ያለውን ሁሉ ወደ አዲሱ አዛውራ፣ የካርታውን ፕሮግራም ጭና፣ ራሷ ከፍታ እስከ ታች ማውረዱን ካየች በኋላ ሰጠችኝ። ለልጄ ስነግራት "ለምን ሠላሳ ሁለት አልገዛህም?" ብላ ተቆጣች። አንዱ ማስገቢያ ባዶ እንደሆነ፣ ሌላኛው ዓይነት የተበየደ እንደሆነ ሳስረዳት "አባዬ፣ ይህን ሁሉ ማን አስተማረህ?" አለችኝ። ኮራሁ።

ሁለተኛው ስብሰባ እስኪደርስ የመጀመሪያውን ደብተር ጀመርን። እርሳሱ ስለደበዘዘ እኔ አይታየኝም፤ ባለቤቴ ታነባለች፣ እኔ አስገባለሁ። ይጁቤ የሚባለውን አካባቢ ምንጮች ስናስገባ የወጣትነቴን የእጅ ጽሑፍ አይታ "እንዲህ አሳምረህ ትጽፍ ነበር?" አለችኝ።

ቁይ ስመለስ አዳራሹ ከፊተኛው ይልቅ ሞልቶ ነበር። ፕሮጀክተሩን አብርቼ ካርታውን ከፈትኩት፤ እስከ ታች ወረደ። የላይኛው መንደር፣ ጅረቱ፣ የታችኛው መንደር፣ እስከ ገደሉ ድረስ ሁሉም ታየ። ያ ሽማግሌ ከፊት ተቀምጠው ነበር። ተነስተው ወደ ግድግዳው ተጠጉ፤ ብዙ ፈለጉ። "ይኸ የእኔ ግቢ ነው" አሉና ተመልሰው ተቀመጡ።

ከዚያ ጭቅጭቁ መጣ። አንዱ መስመሩ በማሳዬ አይለፍ ይላል፤ ሌላው ቦኖው ወደ እኛ ይጠጋ ይላል። እኩለ ቀን እስኪሆን ተከራከሩ። አልከፋኝም፤ ሁሉም የሚከራከረው በዓይኑ ስለሚያየው ነገር ነበር።

ነገሩ ሲበርድ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ተነሱ። "አንድ ምንጭ ጎድሎሃል" አሉኝ።

"የት አካባቢ እናቴ?"

ወደ ግድግዳው ሄደው ከታችኛው መንደር በታች ጥቁር የዛፍ ጥላ ብቻ የሚታይበትን ቦታ ነኩ። "እዚህ። ከዓለቱ ሥር ነው። ከብት አይደርስበትም፤ የምናውቀው የምንቀዳ ሴቶች ብቻ ነን።"

የእኔ መስመር ከዚያ ቦታ ላይ ጥቂት እርምጃ ብቻ ከፍ ብሎ ያልፋል። ስብሰባው ሲያልቅ አብሬያቸው ወረድኩ። መንገዱ ገደላማ ነው፤ እሳቸው እንደ ፍየል ይወርዳሉ፣ እኔ ላፕቶፑን አቅፌ እየተንሸራተትኩ እከተላለሁ። ምንጩ እንዳሉት ከዓለቱ ሥር ይወጣል፤ ክንድ የማያህል ቀዳዳ ነው፤ ውሃው ግን ጥሩ ነው። ጀሪካናቸውን ደገኑልኝ፤ እኔ ሰዓቴን ይዤ እስኪሞላ ለካሁ።

"በበጋ ይደርቃል?"

"እኔ ወልጄ ከበድኩ፣ የልጅ ልጅ አየሁ፤ ደርቆ አላየሁትም።"

ለቧንቧው ከላዩ ቢቆፈር ኖሮ የምንጩ ዓይን ይደፈን ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ ከፍቼ ምንጩን አስገባሁ፤ መስመሩንም ወደ ላይ፣ ወደ መንገዱ ዳር ገፋሁት። አሮጊቷ ከኋላዬ ቆመው ያዩ ነበር።

"በቃ? ይኸው ነው?" አሉኝ።

"ይኸው ነው።"

"እኔማ ብዙ የሚያደክም መስሎኝ" አሉና ጀሪካኑን በጀርባቸው አዝለው ሽቅብ ወጡ። የቧንቧው ቦይ ክረምቱ ካለፈ በኋላ በመንገዱ ዳር ተቆፈረ።